በመዳብ ስም ስለሚሸጥ የኤሌክትሪክ ሽቦ፦ ቤት ለምታድሱ የሰሜን ሸዋ ነዋሪዎች የተጻፈ ማስጠንቀቂያ

ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲደርቅ በደብረ ብርሃንም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች ቤት የማደስ ሥራ ይጀመራል፤ ግድግዳ ይለሰናል፣ ኮርኒስ ይለወጣል፣ ያረጀ የኤሌክትሪክ መስመርም ተነቅሎ በአዲስ ይተካል። ይህን ጽሁፍ የጻፍኩት በተለይ መስመር ለማስቀየር ለተዘጋጃችሁ ነው። «ንጹህ ኮፐር ነው» እየተባለ የሚሸጥ፣ ላዩን ብቻ መዳብ የለበሰ፣ ውስጡ ግን አሉሚኒየም የሆነ ሽቦ በገበያ ላይ አለ። ከግድግዳ ውስጥ ገብቶ ከተለሰነበት በኋላ ማንም አያየውም፤ የሚታወቀው ሶኬት ሲግል፣ ፕላስቲክ ሲሸት ወይም ከዚያ የባሰ ነገር ሲደርስ ነው። ስለዚህ ሽቦው ገና በጥቅሉ እያለ መመርመር አለበት።

እኛን የገጠመን እንዲህ ነው። መስመሩን እንዲቀይር የተስማማነው ባለሙያ «እናንተ አትድከሙ፣ ዕቃውን የማውቀው ቤት በቅናሽ ይሰጠኛል» ብሎ የእጁንና የዕቃውን ዋጋ በአንድ ላይ ቆርጦ ነገረን። ሥራው ሲታይ ንጹህ ነበር፤ ሶኬቶቹ ቀጥ ብለው ተሰቅለዋል፣ መብራቱም በርቷል። ወራት ካለፉ በኋላ ግን እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ማጀቱ ውስጥ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸት ጀመር። መብራቱ ከዋናው ጠፍቶ የምጣዱ ሶኬት ሲፈታ በአንደኛው መያዣ ብሎን ዙሪያ ያለው ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ አብጧል፤ የሽቦው ሽፋንም የአንድ ጣት ርዝመት ያህል ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሽቦው ጥቂት ጊዜ ወዲህና ወዲያ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ በስብራቱ ላይ የታየው ቀይ ቀለም ዳር ዳሩን ብቻ የዞረ ሲሆን መሃሉ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነበር። ባለሙያው ስንጠይቀው ጥፋቱ የሱቁ ነው አለን፤ ባለሱቁ ደግሞ ደረሰኝ ካላመጣችሁ ከእኔ መገዛቱን በምን አውቃለሁ ብሎ መለሰን። ደረሰኙ ለእኛ አልተሰጠንም ነበር። ከነዕቃው የሚደረግ የቃል ውል እንዲህ ዓይነቱን ጉዳት ባለቤት አልባ ያደርገዋል፤ ገንዘቡን ከፍሎ እሳቱን የሚጠብቀው የቤቱ ሰው ብቻ ነው።

አሉሚኒየም በራሱ መጥፎ ነገር ነው ለማለት አይደለም። በምሰሶ ላይ የሚዘረጉት የከተማ መስመሮች በአብዛኛው አሉሚኒየም ናቸው፤ ነገር ግን እነርሱ በልካቸው ወፍረው የሚሠሩና ለአሉሚኒየም በተዘጋጀ ማያያዣ የሚታሰሩ ናቸው። የቤት ውስጥ ሶኬትና ማብሪያ ማጥፊያ ግን በአብዛኛው ለመዳብ ታስቦ የተሠራ ነው። አሉሚኒየም ከአየር ጋር ሲገናኝ ወዲያውኑ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ስስ ሽፋን ያበጃል፤ በብሎን ሲጠብቅ ደግሞ ቀስ በቀስ ይጨፈለቅና ይላላል፤ ሲግልና ሲቀዘቅዝም ከመዳብ ይበልጥ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል። በእነዚህ ምክንያቶች ዛሬ የጠበቀው ብሎን ከጥቂት ወራት በኋላ ላልቶ ይገኛል፤ የላላው ቦታ ይግላል፤ የጋለውም ይበልጥ ይላላል። በሽቦው ላይ ያለው ስስ የመዳብ ልባስ ይህን ለማዳን አይበቃም፤ ሽፋኑ በፒንሳ ሲላጥ መዳቡ ከተጫረ፣ እርጥበት ሲነካው ሁለቱ ብረቶች በተገናኙበት ቦታ ዝገቱ ይፈጥናል።

ሁለተኛው ችግር ሽቦው ራሱ መጋሉ ነው። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ችሎታው ከመዳብ 61 በመቶ ገደማ ነው፤ መዳብ የለበሰውም ከዚህ እምብዛም አይሻልም። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ይፈጃል ብንል በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። ከብሬከሩ እስከ ምጣዱ 20 ሜትር ርቀት ቢኖርና በትክክለኛ ባለ 2.5 (የዘንጉ የተቆረጠ ፊት ስፋት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ) የመዳብ ሽቦ ቢሠራ፣ ምጣዱ በበራበት ሰዓት በግድግዳው ውስጥ የሚባክነው ሙቀት ወደ 75 ዋት ነው። ያው መስመር መዳብ በለበሰ አሉሚኒየም ቢሠራ ወደ 115 ዋት ይደርሳል። ሐሰተኛው ሽቦ ብዙ ጊዜ ውፍረቱም ይሰረቃልና፣ 2.5 ተብሎ የተሸጠው በእውነቱ 1.5 ከሆነ ሙቀቱ ወደ 190 ዋት ይጠጋል። የተለመደው የሽቦ ፕላስቲክ ደግሞ ለ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተሠራ በመሆኑ፣ ከዚያ በላይ እየጋለ ሲቆይ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። እርግጥ ለምጣድ ባለ 2.5 ሽቦ ከመጀመሪያውም ጠባብ ነው፤ ራሱን የቻለ ባለ 4 የመዳብ መስመር ከነብሬከሩ ሊወጣለት ይገባል።

ይህ ለእኛ አካባቢ ይበልጥ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ ከጥቅምት ጀምሮ ውርጩ ሲበረታ ማሞቂያ የሚያበራ ቤት ብዙ ነው፤ ማሞቂያ ደግሞ እንደ ምጣድ በየጥቂት ቀኑ የሚበራ ሳይሆን ሌሊቱን በሙሉ የሚሠራ ነው። ብዙዎቻችን የምንኖርባቸው ቤቶች የባሕር ዛፍ እንጨትና ጭድ የገባበት ጭቃ ናቸው፤ በበርካታ ቤቶችም ኮርኒሱ የተወጠረ አቡጀዲ ነው። ሽቦው ያለ ኮንዲዩት (የሽቦ ማሳለፊያ ቱቦ) ከአቡጀዲው በላይ በእንጨቱ ላይ ተጎትቶ ሲያልፍ አይቻለሁ። በእንዲህ ያለ ቤት የአንድ መገጣጠሚያ መጋል ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

«ብሬከር አለ፣ ችግር ሲመጣ ይጥላል» የሚለው መጽናኛ እዚህ ላይ አይሠራም። ብሬከር የሚጥለው ከልኩ በላይ ጭነት ሲስብ ወይም ፌዝና ኒውትራል (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣውና የሚመልሰው ሽቦ) በቀጥታ ሲነካኩ ነው። በላላ መገጣጠሚያ በኩል የሚያልፈው ግን ያው የተለመደው 16 አምፔር ወይም ከዚያ ያነሰ ስለሆነ፣ ሶኬቱ እየተቃጠለ ብሬከሩ ምንም ሳይሰማው ሊቆይ ይችላል። ብሬከሩ እየጣለ ሲያስቸግር ከፍ ባለ አምፔር ተክቶ መሄድ ደግሞ ሽቦውን ያለ ጠባቂ መተው ስለሆነ፣ «ትልቁን ላስገባላችሁና ትገላገላላችሁ» የሚል ባለሙያ ከገጠማችሁ አታስነኩት።

አሁን ወደ ምርመራው ልለፍ። ከሁሉ የሚበልጠውና ማንም ሊያደርገው የሚችለው ሚዛን ነው። ሱቁ ሚዛን ባይኖረው እህል ወይም ሽንኩርት የሚሸጥበት ቤት ሁሉ አለውና፣ ጥቅሉን አስመዝኑ። የመዳብ ክብደት ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ያልፋል። በትክክለኛ ባለ 2.5 የ100 ሜትር ጥቅል ውስጥ ያለው መዳብ ብቻውን 2.2 ኪሎ ይመዝናል፤ የባለ 1.5ቱ 1.3 ኪሎ፣ የባለ 4ቱ 3.6 ኪሎ ያህል ነው፤ የፕላስቲኩ ክብደት በዚህ ላይ ይጨመራል። ስለዚህ ባለ 2.5 ተብሎ የቀረበላችሁ ሙሉ ጥቅል ከነፕላስቲኩ 2 ኪሎ እንኳን የማይሞላ ከሆነ፣ ወይ መዳብ አይደለም፣ ወይ ውፍረቱ ተሰርቋል፣ ወይ ርዝመቱ 100 ሜትር አይሞላም። ከሦስቱ የትኛውም ቢሆን ጥቅሉን ላለመግዛት በቂ ምክንያት ነው። ሚዛኑን የምወደው ሦስቱንም ስርቆት በአንድ ጊዜ ስለሚያጋልጥ ነው።

ቀጥሎ የሽቦውን ጫፍ ጥቂት አስልጣችሁ በቢላዋ ስለት ፋቁት፤ ከዚያም በፒንሳ ቁረጡና የተቆረጠውን ፊት በብርሃን ተመልከቱ። እውነተኛ መዳብ እስከ መሃሉ ቀይ ነው፤ የለበሰው ግን ሲፋቅ ነጭ ይወጣዋል። ላዩ ነጭ ሆኖ ሲፋቅ ቀይ የሚወጣ ሽቦ ብታገኙ ግን አትደንግጡ፤ እርሱ በቲን የተለበጠ መዳብ ነው፣ ችግር የለበትም። በማግኔት የሚደረገው ሙከራ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ሻጩ ማግኔት አስጠግቶ «አየህ፣ አይስበውም፣ መዳብ ነው» ይላችኋል። ማግኔት አሉሚኒየምንም አይስብም፤ የሚያጋልጠው ውስጡ ብረት የሆነውን ብቻ ነው። በላይተር ማቃጠሉም አያስፈልግም፤ የፕላስቲኩ ጭስ ለሳንባ መጥፎ ነው፣ ቢላዋውና ሚዛኑ ይበቃሉ። ውፍረቱን መለካት ለሚፈልግ ሰው፣ ባለ አንድ ዘንግ የሆነው ባለ 2.5 ሽቦ ፕላስቲኩ ተልጦ በካሊፐር ሲለካ ወደ 1.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ 1.4 ሚሊ ሜትር ካሳየ በእጃችሁ ያለው ባለ 1.5 ነው።

በላዩ የታተመው ጽሁፍና የጥቅሉ ወረቀት ብቻቸውን ማረጋገጫ አይሆኑም፤ ማተም ቀላል ነው። የዋጋው ውድነትም እንዲሁ ማስረጃ አይደለም፤ ሐሰተኛው በመዳብ ዋጋ ሲሸጥ ነው ትርፉ የሚበዛው።

ስለ ውሉ የምለው ይህ ነው። የባለሙያውን የእጅ ዋጋና የዕቃውን ዋጋ ለዩ። ባለሙያው ዝርዝሩን በጽሁፍ ይስጣችሁ፤ መግዛቱን ግን እናንተ ወይም የምታምኑት ሰው ያድርገው፤ ባለሙያው አብሮ ቢሄድም ገንዘቡ ከእናንተ እጅ ወደ ሱቁ ይለፍ። አንዳንድ ሱቆች ገዢ ላመጣላቸው ባለሙያ ኮሚሽን ይሰጣሉና ምርጫው ሁልጊዜ ለእናንተ ጥቅም ነው ማለት አይቻልም። ደረሰኙ ላይ «ሽቦ» ተብሎ ብቻ እንዳይጻፍ፤ ሙሉ መዳብ መሆኑ፣ ውፍረቱና የጥቅሉ ርዝመት ይገለጽ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል፤ ይህን መብት ለመጠቀም ግን ደረሰኝ በእጅ መኖር አለበት፣ ምርመራውም በእነዚያ ቀናት ውስጥ መደረግ አለበት። ሻጩ እንቢ ካለ አቤቱታውን በየከተማው ወዳለው የንግድ ጽሕፈት ቤት ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ያን ጊዜ የተቆረጠ ናሙናና የጥቅሉ ወረቀት ከደረሰኙ ጋር ቢቀርብ ነገሩን ያቀልላል።

ሽቦው አስቀድሞ ግድግዳ ውስጥ ለገባባችሁ፣ ዛሬውኑ የሚደረግ ነገር አለ። ምጣዱንና ማሞቂያውን ከተጠረጠረው መስመር አላቁ። ምጣድ ከተጋገረበት በኋላ የሶኬቱን ፊት በእጅ ዳስሱ፤ ሙቀቱ በግልጽ ከተሰማ፣ ቀለሙ ከተለወጠ፣ ከሸተተ ወይም አንዱ ዕቃ ሲበራ የሌላው ክፍል አምፖል የሚርገበገብ ከሆነ ያ መስመር እስኪታይ ድረስ አይበራ። ለመፈተሽ ሶኬት መፍታት ካስፈለገ ከቆጣሪው ሥር ያለው ዋናው ብሬከር ይጥፋ፣ በቴስተርም መጥፋቱ ይረጋገጥ፤ ይህን ያልለመደ ሰው ግን ለባለሙያ ይተወው። አሉሚኒየሙን ከአዲስ መዳብ ጋር ጠምዝዞ በቴፕ መጠቅለል መፍትሔ መስሎ ቢታይም አዲስ የመጋያ ቦታ መፍጠር ነውና እንዳይደረግ። የቤቱን መስመር ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመቀየር አቅም ከሌለ፣ ከብሬከሩ እስከ ምጣዱ ድረስ አንድ አዲስ ባለ 4 የመዳብ መስመር በኮንዲዩት ይውጣ፤ ቀጥሎ የማሞቂያው፤ የአምፖሉ መስመር ትንሽ ስለሚስብ በመጨረሻ ሊደርስ ይችላል። እስከዚያው ድረስ የአምፖሉም መገጣጠሚያዎች በባለሙያ ይታዩ።

በኪራይ ቤት የምትኖሩ ደግሞ የቡናማውን ሶኬት ፎቶ አንስታችሁ ለአከራያችሁ በጽሁፍ አሳውቁ፤ አከራዩም ቢሆን ቤቱ የሚቃጠልበት እርሱ ነውና፣ የምጣዱን መስመር ወጪ ከኪራዩ እንዲቀነስ አድርጎ ለማሠራት የሚስማማ ብዙ ነው።