ፋውንዴሽን፦ በእርጥብ ስፖንጅ ወይስ በጣት?

የጅማ አየር እርጥብ ነው። ወፍራም ፋውንዴሽን (የፊትን ቀለም አንድ ወጥ የሚያደርግ ሜካፕ) ፊት ላይ አይቆምም፤ ስስ አድርጎ መቀባት ይሻላል።

ለዚህ እኔ የማደላው ለስፖንጅ ነው። ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ጭምቅ አድርጊው። ከዚያ መታ መታ ነው፣ መጎተት የለም። አፍንጫ ጎን ያለችው እጥፋት ውስጥ ሳይቀር ይገባል፤ የተረፈውንም ይመጥጥልሻል። ቆዳሽ ቆዳ መስሎ ይቀራል።

ጣትስ? ለጥድፊያ ጠዋት አሪፍ ነው። ሙቀቱ ቅባቱን ያለሰልሰዋል፣ ትንሽም ይበቃል። ግን አገጭ ስር መስመር ይተዋል።

የስፖንጅ ጣጣው ማድረቁ ነው። በክረምት ቦርሳ ውስጥ እርጥቡን ረስቼው ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ፤ ጣልኩት። አሁን በሳሙና አጥቤ መስኮት ላይ አሰጣዋለሁ።

የፋውንዴሽኑን ቀለም ደግሞ ደጅ ወጥተሽ በቀን ብርሃን መንጋጋሽ ላይ ሞክሪው። የሱቅ አምፖል ያታልላል።