ሊፍ ሻተር ወይስ ፎካል ፕሌን? በኤፍ/2 የማይገኘው 1/4000

የፉጂፊልም የመጀመሪያው ኤክስ100 ካሜራ ሊፍ ሻተሩ (ሻተር ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነው መዝጊያ ነው) እስከ 1/4000 ሰከንድ ይደርሳል ይባላል። እውነት ነው፤ ግን በኤፍ/8 ነው። የኤፍ ቁጥር የአፐርቸሩን፣ ማለትም የሌንሱን ቀዳዳ፣ ስፋት ያሳያል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። በኤፍ/4 ጣሪያው 1/2000፣ በኤፍ/2 ደግሞ 1/1000 ነው።

ሊፍ ሻተር ሌንሱ ውስጥ ያሉ ስስ ቅጠሎች ናቸው፤ ከመሃል ወደ ዳር ተከፍተው ይመለሳሉ። አፐርቸሩ በሰፋ ቁጥር መንገዳቸው ይረዝማል። ፎካል ፕሌን ግን ሴንሰሩ ፊት የሚሮጡ ሁለት መጋረጃዎች ስላሉት፣ ፍጥነቱን የሚወስነው በመካከላቸው ያለው ክፍተት ነው። አፐርቸሩ አያገባውም።

ልዩነቱ የሚታየው በጠራራ ፀሐይ ነው። በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 200 እና በኤፍ/2 የሚያስፈልገው ፍጥነት 1/12800 አካባቢ ነው። የኤክስ100 አብሮገነብ ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ ማጣሪያ) 3 ስቶፕ፣ ማለትም ብርሃኑን ሦስት ጊዜ በግማሽ፣ ሲቀንስ 1/1600 ይሆናል፤ አሁንም ከ1/1000 በላይ ስለሆነ ፎቶው ይነጣል። ወደ ኤፍ/2.8 ብታጠቡት 1/800 ይበቃል። አይኤስኦ 100 ያለው የ1/8000 ፎካል ፕሌን ካሜራ ግን በኤፍ/2 1/6400 ስለሚበቃው ያለ ፊልተር ያነሳል። ከ2014ቱ ኤክስ100ቲ ጀምሮ እስከ 1/32000 የሚሄድ ኤሌክትሮኒክ ሻተር አለ፤ ሆኖም ፍላሽ አይሠራበትም፣ የሚሮጥ ነገርም ያጣምማል።

ፍላሽ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ብዙዎቹ ፎካል ፕሌኖች ከ1/200 ወይም 1/250 ካለፉ መጋረጃው ፎቶው ላይ ጥቁር ጥላ ይጥላል። በፀሐይ፣ በአይኤስኦ 100፣ 1/200 ማለት ኤፍ/11 ነው። ሊፍ ሻተር በ1/800 እና በኤፍ/5.6 ያንኑ የሰማይ ድምቀት ይሰጣል፤ ፍላሹም ሩብ ጉልበት ይበቃዋል። ፎካል ፕሌን ላይ ያለው የፈጣን ፍላሽ ዘዴ ደግሞ ጉልበት ይበላል። ብልጭታው ከሻተሩ ከረዘመ ግን ሊፍ ሻተርም ጫፉን ይቆርጠዋል፤ ትንንሽ ፍላሾች ላይ ጉልበቱን መቀነስ ብልጭታውን ያሳጥራል።

እንግዲህ ውጭ በፍላሽ ለምትሠሩ ሊፍ ሻተር፤ በኤፍ/1.4 ጀርባ ማደብዘዝ ለምትወዱ ፎካል ፕሌን።

ያገለገለ የፊልም ካሜራ ሊፍ ሻተር ስትገዙ 1 ሰከንድ ላይ አድርጋችሁ አዳምጡ፤ ከተንቀራፈፈ ቅባቱ ደርቋል። ቀጥሎ ቅጠሎቹን በባትሪ መብራት እዩ፤ የሚያብለጨልጭ ዘይት ካለባቸው የጥገናውን ዋጋ ከካሜራው ዋጋ ላይ አስቀንሱ።