ኦፍሴት ወይስ ዲጂታል? ፕሮፎርማ ላይ ያሉትን ቃላት አንብቦ ስለመምረጥ

ለአንድ ብሮሸር ከሁለት ማተሚያ ቤቶች ፕሮፎርማ ቢያስመጡ ዋጋው የትና የት ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ውዱን «ይሄማ ሊዘርፈኝ ነው» ብሎ ይተውና ርካሹን ይይዛል። ግን አንዱ በኦፍሴት፣ ሌላው በዲጂታል አስልቶ ይሆናል። አንዱ 130 ግራም ወረቀት፣ ሌላው 170 ግራም ጽፎ ይሆናል። ስለዚህ ከዋጋው በፊት ዝርዝሩ ይነበብ።

ኦፍሴት እና ዲጂታል

ኪስ ላይ ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ይሄ ምርጫ ነው። ኦፍሴት ላይ ምስሉ መጀመሪያ አሉሚኒየም ፕሌት ላይ ይወጣል። ከፕሌቱ ወደ ጎማ፣ ከጎማው ወደ ወረቀት ያልፋል። ባለ ሙሉ ቀለም ሥራ አራት ፕሌት ይፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ። ፕሌቱን ማውጣት፣ ማሽኑ ላይ ማሰር፣ ቀለሙ እስኪስተካከል የሚበላሸው ወረቀት፣ ይሄ ሁሉ መቶ ቅጂም ታተመ አሥር ሺህ መከፈሉ አይቀርም። ወጪው ለብዙ ቅጂ ሲካፈል ነው የአንዱ ዋጋ የሚወርደው።

ዲጂታል ፕሌት የለውም። ፋይሉ በቀጥታ ወደ ማሽኑ ይላካል፣ በቶነር (በዱቄት ቀለም) ወይም በኢንክጄት (በሚረጭ ፈሳሽ ቀለም) ይታተማል። መነሻ ወጪው ትንሽ ነው፣ ሥራውም ቶሎ ይደርሳል። በሌላ በኩል የመጀመሪያው ቅጂና አምስት መቶኛው የሚያስወጡት ገንዘብ ተቀራራቢ ነው።

መቶ ወይም ሁለት መቶ ፍላየር ከሆነ ሳያቅማሙ ዲጂታል ይበሉ። ብዙ ሺህ ከሆነ ኦፍሴት። የሚያስቸግረው መሐሉ ነው፤ አንዱ ከሌላው የሚረክስበት ብዛት እንደ ማሽኑና እንደ ሥራው መጠን ይለያያል። ስለዚህ ለ500፣ ለ1000 እና ለ2000 ቅጂ በሁለቱም መንገድ አስልተው እንዲሰጡዎት ይጠይቁ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «ትንሽ ቢጨምሩ እኮ የአንዱ ዋጋ በጣም ይወርዳል» ይባላል። እውነት ነው፣ ይወርዳል። ግን ስልክ ቁጥርዎ ወይም የዕቃ ዝርዝርዎ በስድስት ወር የሚቀየር ከሆነ የተረፈው ካርቶን ሙሉ ብሮሸር የትም አይገባም። እኔ ብሆን ይዘቱ ገና ያልረጋ ሥራ ኦፍሴት ላይ አላወጣም።

እያንዳንዱ ቅጂ የተለየ ስም ወይም ቁጥር የሚይዝ ከሆነ፣ ለምሳሌ የምስክር ወረቀትና የግብዣ ካርድ፣ ዲጂታል ይቀላል፤ ማሽኑ ስሙን ከዝርዝር እያነበበ ይቀያይራል። ልዩ ቀለም ወይም ወጣ ያለ ወረቀት ለሚፈልግ ደግሞ ኦፍሴት ሰፊ ምርጫ አለው።

አርጂቢ፣ ሲኤምዋይኬ፣ ፓንቶን

ስክሪን ቀለም የሚፈጥረው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ነው፤ አርጂቢ የሚባለው እሱ ነው። ማተሚያ ማሽን ግን የሚሠራው በሲያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር ቀለም ነው፤ ይሄ ሲኤምዋይኬ ነው። ስልክዎ ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ወረቀት ላይ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። ማሽኑ ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ ይሰደባል። ፋይሉ ሲኤምዋይኬ ሆኖ ሲቀየር ቀለሙ ምን እንደሚመስል ዲዛይነሩ ከህትመት በፊት ሊያሳይዎት ይገባል።

ፓንቶን ከሁለቱም ይለያል። ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ አሠራር ነው። እያንዳንዱ ቀለም ቁጥር አለው፣ ቀድሞ ተቀላቅሎ ይዘጋጃል። የሎጎዎ ቀለም ቢዝነስ ካርዱም ላይ፣ ካርቶኑም ላይ አንድ ዓይነት መሆን ካለበት ይሄ ነው መንገዱ። ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለችውን ፊደል ግን አይዝለሏት። «ሲ» ለሚያብረቀርቅ፣ «ዩ» ለተራ ወረቀት ናት፤ አንዱ ቀለም ሁለቱ ላይ ሲያርፍ የተለያየ ይመስላል።

ፎቶ የበዛበት ሥራ ከሆነ ሲኤምዋይኬ ይበቃል። ባለ ሁለት ቀለም ደብዳቤ ወረቀት ኦፍሴት ላይ ከሆነ በፓንቶን ሁለት ፕሌት ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ስለዚህ ሊረክስም ይችላል። ፎቶም የሎጎ ቀለምም ይኑር ካሉ አምስተኛ ፕሌት ይከፍላሉ። አብዛኛው ዲጂታል ማሽን ደግሞ ፓንቶንን የሚያስመስለው ባሉት ቀለሞች ቅልቅል ነው፤ ፍጹም ይመጣል ብለው አይጠብቁ።

ቬክተር እና ፒክስል

ሎጎ በቬክተር፣ ማለትም በነጥብ ሳይሆን በመስመርና በቅርጽ ስሌት በተሠራ ፋይል ይቀመጥ። ቢዝነስ ካርድ ላይም ሆነ ሕንፃ ላይ ጥራቱ አይለወጥም። ፎቶ ግን ፒክስል፣ ማለትም የጥቃቅን ነጥቦች ስብስብ ነው፣ ሲለጠጥ ይፈርሳል። በእጅ ተይዞ ለሚነበብ ነገር መለኪያው 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ነው። ሙሉ ኤ4 ገጽ የሚሞላ ፎቶ በዚህ ልክ 2480 በ3508 ፒክስል ይሆናል። ከሩቅ ለሚታይ ባነር ከዚያ በጣም ያነሰ ይበቃል፤ ለቢልቦርድ 300 ዲፒአይ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠመዎት ፋይል ከማክበድ ውጭ ጥቅም የለውም። በቴሌግራም ሲልኩ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፣ አለዚያ ይጨመቃል።

ወረቀትና ጥራዝ

«80 ግራም ወረቀት» ሲባል የአንድ ካሬ ሜትር ክብደት ነው። የቢሮ ወረቀት በአብዛኛው 80 ነው፣ ፍላየር ከ130 እስከ 170፣ ቢዝነስ ካርድ ከ300 እስከ 350 ይሄዳል። ግራም ክብደት እንጂ ውፍረት አይደለም። እኩል ግራም ያላቸው ሁለት ወረቀቶች ሲነኩ ላይመሳሰሉ ይችላሉ፤ የሚያብረቀርቀው ብዙ ጊዜ ይቀጥናል። ሰው እስክሪብቶ ይዞ የሚሞላው ቅጽ ከሆነ አብረቅራቂውን ይተዉት፣ ቀለሙ ላዩ ላይ ይላወሳል።

ጥራዝ ላይ ቀጭን መጽሔት በሽቦ ይመታል። ርካሽ ነው፣ ዘርግተውም ያነቡታል፤ የገጹ ብዛት ግን ለ4 መካፈል አለበት። 30 ገጽ ይዘው ከመጡ ወይ 28 ያደርጉታል ወይ 32። ወፍራም ከሆነ በሙጫ ይጠረዛል፣ ጀርባው ላይም ርዕስ ይጻፍበታል።

ላሚኔሽን፣ ማለትም ወረቀቱ ላይ የሚለጠፈው ስስ ፕላስቲክ፣ የምርጫ ጉዳይ ነው። ግሎሲ (የሚያብረቀርቀው) ፎቶን ያደምቃል፣ ማት (የማያብረቀርቀው) ረጋ ያለ ነው። ጥቁር ሽፋን ላይ ማት ካደረጉ ግን የጣት አሻራ ይታያል።

ናሙና በፒዲኤፍ ወይስ በወረቀት?

ፒዲኤፍ ለፊደል ስህተትና ለአቀማመጥ ይበቃል። ምስሉ ወይም የጀርባው ቀለም እስከ ጠርዝ የሚሄድ ከሆነ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ብሊድ (ከመቁረጫው መስመር አልፎ የሚተርፍ ምስል ወይም ቀለም) መኖሩንም ያሳይዎታል፤ ከሌለ ሲቆረጥ ጠርዙ ላይ ነጭ መስመር ሊቀር ይችላል። ቀለም ለማጽደቅ ግን ፒዲኤፍ አይሆንም። ሥራው ትልቅ ከሆነ የታተመ ናሙና ይጠይቁ፣ በሚታተምበት ወረቀት ላይ ይሁን። ከተስማሙበት ፈርመው አንዱን ቅጂ እርስዎ ጋ ያስቀሩ።