ከለቡ ድሬዳዋ በባቡር፦ ጉዞው ጥሩ፣ ጣቢያው ሩቅ፣ ኮምቦልቻስ መቼ?

ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ለመሄድ አውቶቡስ ይሻላል ባቡር እያላችሁ ለምታመነቱ መልሴን ቶሎ ልንገራችሁ፦ ባቡር። የሚነሳበት ቀን ከተመቻችሁ ማለቴ ነው።

አውቶቡስ ከአሰበ ተፈሪ እስከ ቁልቢ ያለውን ጠመዝማዛ ሲወጣና ሲወርድ ሆድ የሚያገላብጠውን ነገር የሄደበት ያውቀዋል። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ግን ሚኤሶን አልፎ በኤረር በኩል ቆላ ቆላውን ይዞ ስለሚሄድ ሰውነት አይደክምም። ጠዋት አዲስ አበባ ካለው ለቡ ጣቢያ ተነስቶ ከሰዓት በኋላ ድሬ ይገባል፣ ሰባት ሰዓት ገደማ በሉት። ሐዲዱ ለመንገደኛ ባቡር በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር እንዲያስኬድ ነው የተሠራው።

ወንበር ከያዛችሁ በአንድ በኩል ሦስት በሌላው ሁለት ሆናችሁ ፊት ለፊት ነው የምትቀመጡት። ቤተሰብ ወይም ጓደኛ ላለው ሰው ይሄ ጨዋታ ነው። ብቻውን ለሚሄድ ረጅም ሰው ግን እግር ማስቀመጫው ይጠባል። የአልጋ ፉርጎም አለ፣ ስድስት ሰው በሦስት ፎቅ የሚተኛበት። ለድሬ ብቻ ከሆነ ወንበሩ ይበቃችኋል፣ ጅቡቲ ድረስ የሚሄድ ሰው ነው አልጋውን የሚፈልገው። እሱም ፓስፖርቱን ይያዝ።

መተሐራ ላይ እንቅልፍ እንዳይወስዳችሁ። በሰቃ ሐይቅ መስኮቱ ሥር ድረስ ይመጣል። አንዴ የፈንታሌ እሳተ ገሞራ የተፋው ከሰል የመሰለ ጥቁር ድንጋይ፣ ቀጥሎ ደግሞ ውሃ፣ ውሃ፣ ውሃ። ሐይቁ ባለፉት አሥርት ዓመታት እየሰፋ መጥቶ የድሮውን ሐዲድና አስፋልቱን ሲገፋ የኖረ ነው። አዲሱ መስመር በዚያ በኩል የሚያልፈው ከፍ ተደርጎ በተሞላ አፈርና ድንጋይ ላይ ነው። እኔ ከመንገዱ ሁሉ የምወደው ይህን ቦታ ነው።

እንግዲህ ጉዞው ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ችግሩ የቱ ጋ ነው? ጣቢያው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የድሮው ባቡር ለገሃር፣ ከተማው እምብርት ላይ ነበር የሚያራግፈው። ድሬም ከዚራ መሐል። ከባቡር የወረደ ሰው ሻንጣውን ይዞ በእግሩ ቤቱ ይገባል። ከተማዋ ራሷ በጣቢያው ዙሪያ ነው የተቆረቆረችው። አዲሱ ጣቢያ ግን አዲስ አበባ ላይ ለቡ፣ ድሬ ላይ ከከተማ ውጭ፣ ጅቡቲም ናጋድ፣ እሱም ከከተማ ውጭ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ መስመሩ በዋነኛነት የተሠራው ለጭነት ነው፣ ከወደቡ ኮንቴይነር ለማመላለስ፣ ኮንቴይነር ደግሞ መሐል ከተማ ምንም ሥራ የለውም። ቤት ማፍረስና ካሳም ይቀንሳል። ግን መንገደኛው ኮንቴይነር አይደለም! ልጅ አዝሎ፣ ኮተቱን ተሸክሞ በሌሊት ለቡ ድረስ ታክሲ ኮንትራት የሚይዝ ሰው ነው። የባቡር ትኬት ርካሽነቱ እዚያው መንገድ ላይ ያልቃል።

ይባስ ብሎ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር ከዚህ ጋር አይገናኝም። የቀላል ባቡሩ አንዱ መስመር ቃሊቲ ላይ፣ ሌላው ጦር ኃይሎች ላይ ይቆማል። ሁለት ባቡር በአንድ ከተማ፣ ሁለቱም በኤሌክትሪክ፣ ሁለቱም በተቀራራቢ ዓመታት የተሠሩ፣ ግን መንገደኛ ከአንዱ ወርዶ ሌላው ላይ መውጣት አይችልም። ይሄ ያናድዳል። ባቡር ማስፋፋት የሚለው ወሬ በተነሳ ቁጥር እኔ መጀመሪያ የማስበው በሁለቱ መካከል ያለችውን ይህችን አጭር ርቀት ነው። ሐዲድ ለመዘርጋት ገንዘብ ከሌለ ባቡሩ በሚነሳበትና በሚደርስበት ሰዓት ልክ ከለገሃርና ከመገናኛ የሚመላለሱ የከተማ አውቶቡሶች መመደብ ይቻላል። ብድር አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ኮምቦልቻ ልሂድ። ከአዋሽ ተነስቶ በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬና በከሚሴ በኩል ኮምቦልቻ፣ ከዚያም ወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው መስመር ወደ 390 ኪሎ ሜትር ነው፣ በቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርከዚ የተሠራ። ሥራው የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። እስከ ኮምቦልቻ ያለው 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ግንባታው ከሞላ ጎደል ካለቀ ዓመታት ተቆጠሩ። የኤሌክትሪክ ኃይል ሳይደርሰው ቆየ፣ የሰሜኑ ጦርነት መጣ፣ ዘረፋና ጉዳት ደረሰበት። ሐዲድ ተነጥፎ፣ ዋሻ ተፈልፍሎ፣ ድልድይ ቆሞ፣ መንገደኛ ባቡር ግን አላየም።

አንዳንዱ ሰው «በአዋሽ ዞሮ ኮምቦልቻ ማን ይሄዳል?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በደብረ ብርሃን በኩል በመኪና 375 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ በባቡር በአዋሽ ሲዞር 490 ገደማ ይሆናል። ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ትርፍ። ግን የመኪናው መንገድ ጣርማ በርን ይወርዳል፣ ጉም ሲለብስ ከፊት ያለው መኪና አይታይም፣ የጭነት መኪና ኋላ የተሰለፈ ሁሉ ይንፏቀቃል። ባቡሩ ከመቶ በላይ ፍጥነት መያዝ ከቻለ ዙሩን ያካክሰዋል። ደግሞ ሁሉም መንገደኛ ከአዲስ አበባ የሚነሳ አይደለም። ከአዳማ፣ ከመተሐራ፣ ከድሬ ወሎ የሚሄድ ሰው አለ። ለእሱ አዋሽ ላይ ባቡር መቀየር ትልቅ እፎይታ ነው።

ስለዚህ የኔ ፍላጎት ግልጽ ነው፦ አዲስ መስመር ካርታ ላይ ከመሳል በፊት የተነጠፈው ይሥራ። ኃይሉ እስኪደርስ በናፍታ ሎኮሞቲቭ በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ ቢሄድ ሐዲዱ ይጠበቃል፣ ብሎንና ሽቦ ሲሰረቅም ቶሎ ይታወቃል።

አንድ ነገር ግን አይረሳ። ከሰበታ እስከ አዳማ ሐዲዱ ጥንድ ነው፣ ከአዳማ በኋላ ነጠላ። በነጠላው ላይ ባቡሮች የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ እየተጠባበቁ ነው፣ እና ጭነት ከበዛ መንገደኛ መጨመር ይከብዳል። በጥንዱ ላይ ግን ሰበብ የለም። ለቡ፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፦ ጠዋትና ማታ የሚመላለስ ባቡር ቢኖር ስንት ሰው አዳማ እየኖረ አዲስ አበባ ይሠራ ነበር! የአዲስ አበባን የቤት ኪራይ ለምታውቁ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ከግንቦት 2016 ጀምሮ የጅቡቲውን መስመር ሥራ ሲያስኬዱት ከነበሩት የቻይና ኩባንያዎች ተረክበው የሚመሩት የራሳችን ሰዎች ናቸው፣ ሀገሪቱንና ሕዝቡን ያውቃሉ፣ ይህን ቢሞክሩት ደስ ይለኛል።

እስከዚያው ለሚጓዙ፦ የሚነሳበትን ቀን አስቀድማችሁ አጣሩ፣ ትኬቱን ቀደም ብላችሁ ያዙ። ፍተሻ ስላለ ለቡ በጊዜ ድረሱ። ውሃና ስንቅ ያዙ። ድሬ ስትወርዱ ደግሞ ከባጃጅ ጋር ሳትወጡ ዋጋ ተስማሙ፣ ከተማው ከምታስቡት ይርቃል።