በኮድ የሚፈጠር ሥዕል፦ ፕሮጀክተር ይሻላል ወይስ የቪአር መነጽር?

ጀነሬቲቭ አርት፣ ማለትም በኮድ የሚፈጠር ሥዕል፣ ለጋለሪ፣ ለሆቴል አዳራሽ ወይም ለባህል ማዕከል ሲገዛ ከሥዕሉ እኩል ማሳያው ይመረጣል። ኮዱ ምስሉን በየቅጽበቱ እንደ አዲስ ያሰላዋልና ስሌቱን የሚሠራው ማሽን የሥራው አካል ነው። በስሪ ጄኤስ (ባለ ሦስት ገጽታ ምስል ለመሥራት በሚያገለግል ዝግጁ የኮድ ስብስብ፣ ማለትም ላይብረሪ) የተጻፈ አንድ ሥራ ግድግዳ ላይ ሲያርፍና በቪአር መነጽር (ዓይንን ሸፍኖ ተመልካቹን ምስሉ ውስጥ በሚያስገባ ስክሪን) ውስጥ ሲታይ ሁለት የተለያየ ዕቃ ይሆናል። ምርጫችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ብዙ ሰው አንድ ላይ የሚቆምበት ቦታ ከሆነ ፕሮጀክተር ግዙ። ቪአር የሚያዋጣው ተመልካቹ ውስጡ ገብቶ ዙሪያውን ካላየው በቀር ለማይገባ ሥራ ነው።

ከሰው ብዛት እንጀምር። አንድ ሰው 5 ደቂቃ ቢያይ፣ ለማጽዳት፣ ለማጥለቅና ለማስተካከል 2 ደቂቃ ቢሄድ፣ አንድ መነጽር በሰዓት የሚያስተናግደው 8 ሰው ነው። የሜታ ክዌስት 3 ባትሪ 2 ሰዓት ገደማ ስለሚቆይ፣ ቀኑን ሙሉ ለማሳየት ሌላ መነጽር ቻርጅ ላይ ሆኖ ተራውን መጠበቅ አለበት። አጠገቡ የሚቆም ሠራተኛም ያስፈልጋል፤ ደመወዙ በዋጋ ማቅረቢያው ላይ ስለማይጻፍ ብዙ ገዢ ይረሳዋል። ፊት ላይ የሚያርፈው ስፖንጅ ላብ ስለሚመጥ የሚታጠብ የሲሊኮን ሽፋን ግዙለት። ሌንሱ በአልኮል አይነካም፤ በደረቅ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ብቻ ይጠረግ። መነጽሩን ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ዳር መተው ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ሌንሱ ብርሃኑን ሰብስቦ ስክሪኑን ያቃጥለዋል።

በፕሮጀክተር በኩል ገዢ የሚሸወደው በሉመን፣ ማለትም በብርሃን መጠን መለኪያው፣ ነው። ካርቶኑ ላይ 9000 ሉመን ተብሎ ተጽፎ አንሲ የሚለው የመለኪያ ደረጃ ስም ከሌለ ቁጥሩን አትመኑት። እውነተኛ 5000 አንሲ ሉመን ያለው፣ ባለ 1920 በ1200 ፒክስል ፕሮጀክተር 4 ሜትር ስፋትና 2.5 ሜትር ቁመት ያለው ምስል ቢያበራ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ግድግዳው ላይ የሚደርሰው 500 ሉክስ (በአንድ ካሬ ሜትር 500 ሉመን) ነው ማለት ነው። አሁን በክፍሉ መብራት ምክንያት ግድግዳው ላይ 300 ሉክስ ካረፈ፣ የምስሉ ጥቁር 300፣ ነጩ 800 ይሆናል። ልዩነቱ ሦስት እጥፍ እንኳ አይሞላም፤ ምስሉ የታጠበ ጨርቅ ይመስላል። ያው ክፍል በወፍራም መጋረጃ ወደ 10 ሉክስ ቢወርድ ልዩነቱ 51 እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ ውድ ፕሮጀክተር ከመግዛት በፊት መጋረጃ መግዛት ይቀድማል።

አዲስ አበባ ለሚገጠም ዕቃ አንድ ነገር እንጨምር። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ፕሮጀክተሩን በደንብ አያቀዘቅዝም። ብዙ ፕሮጀክተሮች ከ1500 ሜትር በላይ እንዲበራ የሚታዘዝ የከፍታ ማስተካከያ በሜኑአቸው ውስጥ አላቸው። ካልበራ ዕቃው ይግላል፣ በትርኢት መሀልም ራሱን ያጠፋል። ሲበራ ፋኑ ስለሚጮህ ከተቀመጡ ሰዎች አናት በላይ አትስቀሉት። ርቀቱም ቀድሞ ይለካ፦ ትሮው ሬሾው (ርቀቱ ለምስሉ ስፋት ሲካፈል) 1.2 የሆነ ሌንስ ለ4 ሜትር ስፋት 4.8 ሜትር ርቀት ይፈልጋል። ምስሉ ሲንጋደድ በኪስቶን፣ ማለትም ምስሉን በስሌት በማጣመም፣ ማቅናት ፒክስል ያባክናል፤ ሌንሱን ራሱን የሚያንቀሳቅስ ሌንስ ሺፍት ያለውን ምረጡ። ሁለት ፕሮጀክተር ጎን ለጎን ከሆነም 20 በመቶ ይደራረቡ፤ ከሁለት የ4 ሜትር ምስል የምታገኙት 7.2 ሜትር እንጂ 8 አይደለም።

ወደ ኮዱ ስንመጣ መነጽሩ ከባድ ጌታ ነው። የክዌስት 3 ስክሪን ለእያንዳንዱ ዓይን 2064 በ2208 ፒክስል ነው፤ ለሁለቱ ዓይን 9 ሚሊዮን ሲሆን የፕሮጀክተራችን 2.3 ሚሊዮን ብቻ ነው። በሴኮንድ 72 ምስል ለማውጣት ለአንዱ ያለው ጊዜ 13.9 ሚሊሰከንድ ነው። ግድግዳ ላይ ምስሉ ለአፍታ ቢንተፋተፍ ብዙ ሰው አያስተውልም፤ መነጽር ውስጥ ግን ተመልካቹ ያጥወለውለዋል። በዴስክቶፕ ግራፊክስ ካርድ ላይ ሲሠራ ያያችሁት ሼደር (የፒክስሉን ቀለም በግራፊክስ ቺፑ ላይ የሚያሰላ ኮድ) መነጽሩ ላይ እንደዚያው ይሠራል ብላችሁ አትግዙ።

አንድ ብልሽት በቅርበት ይታይ። ሼደሩ ጊዜን በሴኮንድ ይቆጥራል። የቁጥሩ ጥራት በኮዱ ውስጥ ሚዲየምፒ (መካከለኛ ጥራት) ተብሎ ከተጻፈ፣ ዴስክቶፑ ቃሉን ቸል ብሎ በ32 ቢት ያሰላል፤ የመነጽሩ ቺፕ ግን በ16 ቢት ሊያሰላው ይችላል። በ16 ቢት ደግሞ ቆጣሪው 1024 ሲደርስ፣ ማለትም ከ17 ደቂቃ በኋላ፣ ከአንድ ሴኮንድ ያነሰ እርምጃ መያዝ ስለማይችል ሞገድ ይመስል የነበረው እንቅስቃሴ በሴኮንድ አንዴ እየዘለለ ይሄዳል። በ32 ቢትም ቢሆን ከ18 ሰዓት በኋላ እርምጃው 7.8 ሚሊሰከንድ ስለሚሆን እንቅስቃሴው ይንቀጠቀጣል። መፍትሔው ሃይፒ (ከፍተኛ ጥራት) ብሎ መጻፍና ጊዜውን ዑደቱ በሞላ ቁጥር ወደ ዜሮ መመለስ ነው። የ10 ደቂቃ ማሳያ ይህን ጉድለት ፈጽሞ አያሳይም።

ሁለቱንም ገዝቶ አንድ ክፍል ውስጥ ማድረግ ሲያምር ታይቶናል፤ አይሠራም። መነጽሩ የት እንዳለ የሚያውቀው በካሜራው ክፍሉን እያየ ነው፤ ለፕሮጀክተር የጨለመ ክፍል ውስጥ ይጠፋዋል፤ ግድግዳው ላይ የሚንቀሳቀሰው ምስልም ያደናግረዋል። ለቪአር ብርሃን ያለበት፣ ቢያንስ 2 በ2 ሜትር ባዶ ወለል ያለው ሌላ ክፍል ስጡት።

መብራት ሲጠፋ ባትሪ ያለው መነጽር አይደነግጥም። ፕሮጀክተሩን የሚነዳው ኮምፒውተር ግን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ይፈልጋል፤ በባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚጠቀምበት መሠረታዊ ቅንብር) ውስጥም መብራት ሲመጣ ራሱን እንዲያስነሳ፣ ፕሮግራሙም አብሮ እንዲከፈት ይደረግ። የዊንዶውስ ዝመናና ኮምፒውተሩን የሚያስተኛው ስሊፕ ይጥፉ።

ውሉ ላይ ምንጭ ኮዱ፣ የላይብረሪዎቹ ትክክለኛ ቨርዥን፣ ሲድ የሚባለው መነሻ ቁጥርና ሥራው የተፈተነበት ማሽን ይጻፉ። የመጨረሻው ክፍያ የሚለቀቀው ሥራው በራሳችሁ ክፍል፣ በራሳችሁ ዕቃ ላይ 24 ሰዓት ሳይቋረጥ ከሄደ በኋላ ይሁን።