ለአዳማ በረንዳ፦ ኮኮፒት ወይስ አፈር?

አዳማ ኮንዶሚኒየም ላይ እየኖሩ ቃሪያና ቆስጣ ማብቀል ይቻላል። ጥያቄው የመትከያ ከረጢቱን በምን እንሙላው ነው።

በክብደት ኮኮፒት ይመረጣል። የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ ነው፤ ተጠቅጥቆ እንደ ጡብ ይሸጣል። 5 ኪሎው በውሃ ሲፈታ ከ60 ሊትር በላይ ይሆናል። ያን ያህል እርጥብ አፈር ከ70 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ሦስተኛ ፎቅ ተሸክሞ ለሚወጣ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው! ኮኮፒትም ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ አፈርን ግን አያክልም።

ደግሞ የአዳማ ንፋስ አለ። ተርባይን አዙሮ መብራት የሚያመነጭ ንፋስ የጨርቅ ከረጢትን ቶሎ ያደርቃል። ኮኮፒት ውሃ ይዞ ይቆያል፣ ሥሩም አየር አያጣም። አፈር ብቻውን ከሆነ ሲደርቅ ይጠነክራል፤ ውሃው በጎን ይወርዳል።

ምግብ ላይ ግን አፈር ያሸንፋል። ኮኮፒት ተክሉን የሚመግብበት ነገር እምብዛም የለውም። ጨው ስለሚኖርበትም ሳይተከልበት ደጋግሞ ማጠብ ነው።

እኔ ብጠየቅ፣ ግቢ ያለው አፈሩ ላይ ይትከል። ለበረንዳ ሁለት እጅ ኮኮፒት፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት። ለሰላጣና ለቆስጣ ጥሩ መነሻ ነው፤ ቲማቲም ግን ፍሬ መያዝ ሲጀምር ተጨማሪ ማዳበሪያ ይፈልጋል።