«ብርዱ ነው» ቢሏችሁ አትቀበሉ፦ ቄብ ተብለው የሚሸጡ ያረጁ ዶሮዎች

ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ ዶሮ ለመግዛት ያሰባችሁ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ።

ከኅዳር ጀምሮ በአይሱዙ እየመጡ «የ4 ወር ቄብ፣ ቦቫንስ ብራውን፣ በቅርቡ እንቁላል ይጀምራሉ» እየተባሉ የሚሸጡ ዶሮዎች አሉ። (ቄብ ማለት ገና እንቁላል መጣል ያልጀመረች ወጣት ዶሮ ናት፤ ቦቫንስ ብራውን ደግሞ የእንቁላል ዶሮ ዝርያ ነው።) ዋጋቸው ረከስ ስለሚል ሰው ይሻማባቸዋል። ያየኋቸው ግን ቄብ አይደሉም፤ ከዓመት በላይ እንቁላል ጥለው ምርታቸው ሲወርድ ከእርባታ የተወገዱ ናቸው። አንዲት ጎረቤቴ የዕቁብ ብሯን በሙሉ አውጥታባቸዋለች። መኖ ያለማቋረጥ ትገዛለች፣ እንቁላሉ ግን ለቤቷ እንኳ አይበቃም። ሻጩ ጋ ስትደውል «ብርዱ ነው» አላት፤ አልፎም «የብርድ መድኃኒት» ብሎ ዱቄት ሸጠላት። ፓኬቱን አነበብኩት፦ ኦክሲቴትራሳይክሊንና ቫይታሚን። ኦክሲቴትራሳይክሊን የባክቴሪያ መድኃኒት ነው። ብርድንም እርጅናንም አያክምም፣ ቅሪቱም ወደ እንቁላሉ ይገባል። በጣም ያናደደኝ ይሄ ነው።

ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፣ በታኅሣሥ ውርጩ እውነት ነው። ላባዋ የሞላ ጤነኛ ዶሮ ግን ብርዱን ትችለዋለች። የሚጎዳት እርጥብ ጉዝጓዝና ፊት ለፊት የሚገባ ነፋስ ነው። በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ትበላ የነበረችው በብርድ ወቅት ጨመር ይደረግላታል። የቀኑ ርዝመት በታኅሣሥ ከ12 ሰዓት በታች ስለሆነ፣ መጣል ለጀመረች ዶሮ አምፖል አብርቶ ብርሃኑን ቀስ በቀስ 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ማድረስ ያስፈልጋል። (የከሰል ፍም ዝግ ቤት ውስጥ አታስገቡ፤ ከፍሙ የሚወጣው ጋዝ ዶሮውንም ሰውንም ይገድላል።) ይህ ሁሉ ተሟልቶ «ቄቧ» ከወራት በኋላም ካልጣለች፣ ብርድን ብቻ ሰበብ የሚያደርግ ሻጭ አትመኑ።

ስትገዙ ዶሮዋን በእጃችሁ ያዙ፤ ከመኪናው ላይ አይታችሁ አትስማሙ። መጀመሪያ እግሯን እዩ። የቄብ እግር ለስላሳና ቢጫ ነው። ብዙ የጣለች ዶሮ የእግሯ ቢጫ ቀለም ይነጣል፣ ቅርፊቱም ይሻክራል። በነጭ በቆሎ ያደገች ቄብም እግሯ ሊነጣ ስለሚችል በዚህ ብቻ አትፍረዱ፤ የእንቁላል መውጫዋንም እዩ። መጣል ያልጀመረች ከሆነ ጠባብና ደረቅ ነው፣ በግራና ቀኙ ባሉት ሹል አጥንቶች መሃል፣ ከውጭ ሲለካ፣ ከአንድ ጣት ብዙም አይገባም። ሁለት ሦስት ጣት ከገባ ስትጥል ኖራለች ማለት ነው። አንገቷና ጀርባዋ የተላጠ ከሆነም ተዉአት፤ በዚህ ብርድ የበላችው መኖ ሁሉ ሰውነቷን ለማሞቅ ነው የሚያልቀው።

የተፈለፈሉበትን ቀን፣ የፈንግልና የጉምቦሮ (ሁለቱም የዶሮ በሽታዎች ናቸው) ክትባት የወሰዱበትንም ቀን በጽሑፍ ለማይሰጥ ሰው ቀብድ አትስጡ። የገዛችሁ ካላችሁ ፓኬቱን ሳትጥሉ ለአካባቢያችሁ የእንስሳት ሐኪም አሳዩ። ዶሮዎቹን ለገና ሥጋ መሸጥ ይቻላል፤ ዱቄቱን ካጠጣችኋቸው ግን ፓኬቱ ላይ የተጻፈው የመቆያ ጊዜ (መድኃኒቱ ከዶሮዋ ሰውነት እስኪወጣ የሚጠበቀው ቀን) እስኪያልፍ እንቁላሉንም ሥጋውንም ለሰው አትስጡ።